የእናቶች ማቆያው ዝንቦች

ሰኔ 19
ዝናቡ በደንብ ገባ። ከቀትር ጀምሮ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ዋለ፤ በረንዳው ላይ መደማመጥ አልተቻለም።

የእናቶች ማቆያው ሞልቷል። ዘጠኝ አልጋ፣ ዘጠኝ ነፍሰ ጡር። ወንዞቹ ሳይሞሉ፣ ቀናቸው የተቃረበውን ከየቀበሌው ማምጣታችን ደግ ሆነ። አንዴ ከገቡ እስኪወልዱ እዚሁ ናቸው። እዚሁ ያበስላሉ፣ እዚሁ ይታጠባሉ፣ ምጥ ሲይዛቸው ግቢውን ተሻግረው እኔ ጋ ይመጣሉ። በዚህ ጤና ጣቢያ ካሉት ሁለት አዋላጆች አንዷ የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት፤ እናም እስከ መስከረም ብቻዬን ነኝ።

ዛሬ የመጨረሻዋ ባየሽ ገባች። ከሽንፋ ወንዝ ማዶ በትራክተር ተሳቢ ነው የመጣችው። የዛሬ ሁለት ዓመት የመጀመሪያ ልጇን ሁለት ቀን አምጣ አጥታዋለች። ወንዙ ሞልቶ የሚያሻግራት ጠፋ። አልጋዋን ሳሳያት ፍራሹን በእጇ ጫን ጫን እያደረገች፣ "ሲስተር ሃይሚ፣ እንግዲህ ከዚህ የሚነቅለኝ የለም" አለችኝ።

ሰኔ 24
ሻወር ቤቱ ግድግዳ ላይ ጥቃቅን ጥቁር ዝንቦች አየሁ። ሃያ ይሆናሉ። ከሰሊጥ ፍሬ አይበልጡም።

ውባንችን ጠርቼ አሳየኋት። ውባንች የማቆያው ጽዳት ሠራተኛ ናት። ሃምሳን የተሻገረች፣ ቀጠን ያለች፣ ብዙ የማታወራ ሴት።

"ጠዋት በበረኪና አጥቤዋለሁ" አለች።

"ካጠብሽው ይሄ ከየት መጣ?"

እናቶቹ በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይሰማሉ። ውባንች ባልዲዋን አነሳችና እንደገና ማጠብ ጀመረች።

ከረር አልኩ መሰለኝ። ግን ሥራ ሥራ ነው።

ሰኔ 28
በአንድ ቀን ሦስት ወሊድ፤ ሦስቱም ምጥ ይዟቸው ከየቤታቸው የመጡ። ሁሉም በሰላም። እግሬ አብጧል።
ዝንቡ በዝቷል። ፍሊት ነፋሁበት። ረገፈ። ተገላገልን።

ሐምሌ 3
አልተገላገልንም። ግድግዳው ነጠብጣብ ሆኗል። የሚተኙበት ክፍል ውስጥም መታየት ጀምሯል።

አንዱን በጣቴ ጫን ብዬ መስኮቱ ጋ ወሰድኩት። ሲደቅ እንደ አመድ ነው የሚሆነው። ክንፉ ላይ ፀጉር አለው። ከሦስት ዓመት በፊት ጎንደር በወሰድነው ሥልጠና ላይ፣ ካላዛርን የምታስተላልፈው ዝንብ በጣም ትንሽ ናት፣ ፀጉራም ናት፣ በዚህ ቆላ ትገኛለች ሲሉን ትዝ አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችንን ምስጋናን በረንዳው ጫፍ ላይ አግኝቼ ስለዚሁ ጉዳይ ተነጋገርን። ጎንደር አብረን ነው የተማርነው፤ ለእሱ የመሰለኝን እናገራለሁ።

ወደ ማምሻው ላይ በእናቶቹ መካከል "የካላዛር ዝንብ ገብቷል" ተባለ። እንዲህ ያለ ወሬ እንዴት እንደሚነሳ አይገባኝም።

ሐምሌ 5
ዛሬ ሦስቱ ሄዱ። አንዷ ባየሽ ናት።

በዚህ አገር ካላዛር ማለት ለማንም የሩቅ ነገር አይደለም። ለሰሊጥ አረም መጥቶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ከስቶ የሚሄድ ሰው ያልታየበት መንደር የለም። የባየሽ ወንድም በዚሁ ነው የሞተ። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር።

"ወንድሜን እንደ ሕፃን አዝዬ ነው ያመላለስኩት" አለችኝ ልብሷን እያጠፈች። "አጥንት ብቻ ቀርቶ ነበር። ይችን ይዤ ከዚያ ዝንብ ጋር አላድርም።" ሆዷን ነው የያዘችው።

"ወንዙስ?"

"ወንዙን አውቀዋለሁ ሲስተር። ይህንን ግን አላውቀውም።"

ባሏ ቢያድግልኝ ትራክተር ይዞ መጣ። ሰላም ብሎኝ አንገቱን ደፋ። ለእሷም ለእኔም መወገን ያቃተው ሰው ይመስል ነበር። ውባንች ተሳቢው ላይ ማዳበሪያ ከረጢት በጭድ ሞልታ አነጠፈችላትና እስክትወጣ ድረስ ጃንጥላ ያዘችላት። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

የቀሩት እናቶች ማን እንደተናገረው ጠየቁኝ። አላውቅም አልኳቸው። ውባንች እዚያው እየጠረገች ነበር። ቀና አላለችም።

ሐምሌ 6
ምስጋና ቢሮው ጠራኝ። ወሬው ወረዳ ደርሷል። እስከ ሐምሌ 22 ዝንቡ ካልጠፋ ማቆያው ይዘጋል፤ የቀሩትን ስድስት ወደየቤታቸው እንሸኛለን። በሐምሌ፣ በዚህ ዝናብ።

ጠረጴዛው ላይ ለውባንች የተጻፈ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ነበር። "የተሰጣትን የጽዳት ኃላፊነት ባለመወጣቷ" ይላል።

"የቅርብ አለቃዋ አንቺ ነሽ፤ ፈርሚ" አለኝ።

ፈረምኩ። ጽዳቱ የእሷ ነው። ሌላ ማን ይጠየቃል?

ደብዳቤውን ስትቀበል እንዳነብላት ጠየቀችኝ። አነበብኩላት። "ጨረስሽ?" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች።

ሐምሌ 7፣ ሥላሴ
ሁሉም ቤተ ክርስቲያን ነው። ተረኛ ስለሆንኩ ገባሁ። ውባንች የእረፍት ቀኗ ቢሆንም ሻወር ቤት ውስጥ ባልዲ ገልብጣ ተቀምጣ አገኘኋት። ግድግዳውን ታያለች።

"ምን እየሠራሽ ነው?"

"እያየሁት ነው።"

ከአንድ ሰዓት በኋላ ስመለስም እዚያው ናት። አጠገቧ ከላብራቶሪ ለምና ያመጣችው ባለ ክዳን ብልቃጥ አለ። አልፎ አልፎ ተነስታ አንዱን ዝንብ በብልቃጡ አፍ ትከድነዋለች። አንድም አታደቅም። እኔ እስካሁን የነካሁትን ሁሉ አድቅቄያለሁ።

ሐምሌ 9
ይህን በደንብ መጻፍ አለብኝ።

ጠዋት ስገባ በር ላይ ጠበቀችኝ። ግራ ክንዷ ከእጅ አንጓዋ በላይ በፋሻ ተጠምጥሟል። ተጎዳሽ ወይ ስላት ፋሻውን ፈታችው። ከስሩ ብልቃጡ አፉን ክንዷ ላይ ደፍቶ ታስሯል። ውስጡ አሥር ዝንቦች አሉ።

"ከትናንት ማታ ጀምሮ ነው" አለች። "አንዱም አልነከሰኝም። እይው።"

ብልቃጡን አንስታ ወዲያው ስትከድነው ቆዳዋ ላይ የአፉ ክብ ምልክት ብቻ ነው የቀረው። ሽፍታ የለም። ቀይ ነጥብ የለም። ክንዷን ወደ ብርሃን አዙሬ አየሁት።

"የካላዛሩ ቢሆንስ ኖሮ?"

"ቢሆን ኖሮ እናውቅ ነበር። ነፍሰ ጡሮቹን ከሚነክስ እኔን ይንከስ። ደግሞ እንዳልሆነ አስቀድሜ ገምቻለሁ።"

"በምን?"

በረንዳው ላይ ተቀምጣ አስረዳችኝ። ወደዚህ ሥራ ሳትገባ ሰባት ዓመት ሰሊጥ እርሻ ላይ ለሳሉጎቹ፣ ለቀን ሠራተኞቹ ማለቷ ነው፣ ወጥ ቤት ነበረች። ሜዳ ላይ ነው ያደረችው። የካላዛሩን ዝንብ በአካል ታውቀዋለች። መልኩ እንደ ገለባ የነጣ ነው። ሲያርፍ ክንፉን ወደ ላይ አቁሞ ነው፣ አሁን ሊበር እንደተነሳ። ስትጠጊው ዘለል ዘለል ይላል። ሲነክስ እንደ ብልጭታ ያቃጥላል።

"ይሄኛው ጥቁር ነው" አለች ብልቃጡን ወደ ብርሃን አንስታ። "ክንፉን እንደ ጎጆ ክዳን ደፍቶ ነው የሚቀመጥ። ቀኑን ሙሉ አየሁት፤ አንድም ጊዜ አላቆመውም። ስትነኪው ትንሽ ይንሳፈፍና እዚያው ግድግዳ ላይ ይመለሳል። ደግሞም ያኛው የሚወጣው ዋልካው ሲሰነጠቅ ነው፤ ከስንጥቁ ውስጥ። አሁን መሬቱ ውሃ ጠጥቶ ተዘግቷል። ሐምሌ ላይ ከየት ይመጣል?"

አምስት ዓመት ተምሬ፣ በዚያ ላይ ሥልጠና ወስጄ፣ ያየሁት ፀጉሩን ብቻ ነው። እሷ አቀማመጡን፣ አበራረሩን፣ ወቅቱን፣ የሚወጣበትን አየች። ሁሉንም ለብቻው አይታ አንድ ላይ አመዛዘነችው።

ዝንቡን በስልኬ ፎቶ አንስቼ ያንን ሥልጠና ለሰጠን የጎንደር ባለሙያ ላክሁለት። ኔትወርኩ እየሄደ እየመጣ ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰው። ደወለልኝ። የፍሳሽ ዝንብ ነው አለ። ከካላዛሩ ጋር የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው፣ ሁለቱም ፀጉራም ስለሆኑ ሰው ይሳሳታል፤ ይሄኛው ግን አይነክስም፣ ካላዛርም አያስተላልፍም። ስለ ክንፉ አቀማመጥ ስነግረው፣ "በጣም ጥሩ፤ መለያው እሱ ነው። ማነው ይህን ያስተዋለው?" አለኝ።

"እኛው ነን" አልኩት።

ለምን እኛ አልኩ? ስሟን መጥራት ምን ይከብዳል? ከስልኩ በኋላ ይኼው ሲያብሰለስለኝ ነው የዋለው።

ሐምሌ 10
እናቶቹን ሰብስቤ ባለሙያው ያለውን ነገርኳቸው። ሰሙኝ። ግን ሻወር ቤት የገባ የለም። አንዷ፣ "ካልሆነ ደግ ነው፤ ታዲያ ለምን አይጠፋም?" አለች።

ሐምሌ 11
ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ውባንችን እትዬ አልኳቸው። ሌላው ሰው ሁሉ የሚጠራቸው እኮ እንደዚያ ነው። እኔ ብቻ ነበርኩ በስማቸው የምጠራ።

"ምነው ሲስተር፣ ዛሬ አንቱ ሆንኩ?" አሉኝ ፈገግ ብለው።

የዛሬው ሥራ ይህ ነው። "ከውጭ የሚገባ ነው ወይስ እዚሁ የሚፈለፈል?" የሚለውን መለየት ፈለጉ። ውሃ የሚፈስባቸው ቀዳዳዎች አራት ናቸው፦ የሻወሩ ወለል፣ የእጅ መታጠቢያው፣ የልብስ ማጠቢያውና የወጥ ቤቱ። ከግሉኮስ መጠቅለያ ላይ የቆረጡትን ጥርት ያለ ላስቲክ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ላይ አለበሱና ዙሪያውን በፕላስተር አሸጉት። የገባ እንዳይወጣ፣ የወጣ እንዲታይ።

ሐምሌ 12
ጠዋት ላስቲኮቹን አብረን አየናቸው። የእጅ መታጠቢያው ባዶ። ወጥ ቤቱ ባዶ። የልብስ ማጠቢያው ስድስት። የሻወሩ ሠላሳ አንድ፤ ከላስቲኩ ስር ተጣብቀው።

"ይኼው ቤታቸው" አሉ።

የቀዳዳውን ወንፊት አንስተው ጣታቸውን ወደ ቧንቧው ከተቱ። ሲያወጡት እንደ ንፍጥ የሚለጠልጥ ጥቁር ዝቃጭ ይዞ ወጣ። መዳፋቸው ላይ ዘርግተው በውሃ ሲያቀጥኑት ክር የሚያካክሉ ትሎች ሲላወሱ አየሁ።

"ፍሊቱ ግድግዳ ላይ ያለውን ነው የሚገድል። ልጆቹን አይነካም፤ እነሱ እዚህ ናቸው። የእኔም በረኪና በላያቸው ላይ አልፎ ነው የሚሄድ፤ ዝቃጩን አያስለቅቅም። ላዩን ሳጥብ ከርሜያለሁ።"

ስህተታቸውን እንዲህ በቀላሉ ተናገሩት። ማንም ሳይጠይቃቸው።

ሐምሌ 13
የጠርሙስ ብሩሽ ረጅም ሽቦ ላይ አስረው እጃቸውን እስከ ክርናቸው ከትተው ቧንቧውን ፈተጉት። ከዚያ የፈላ ውሃ። ጠዋት አንድ ድስት፣ ማታ አንድ ድስት።
ላስቲኩ ላይ፦ አሥራ ዘጠኝ።

ሐምሌ 14
የታመመ ሕፃን፣ ሁለት ወሊድ፣ መብራት የለም። ላስቲኩ፦ ስምንት። የልብስ ማጠቢያው፦ ባዶ።

ሐምሌ 16
ስምንት። ትናንትም ስምንት ነበር። አልቀንስ አለ።

ባየሽ ቀኗ ሐምሌ መጨረሻ ነው። ሽንፋ ሞልቷል አሉ።

ሐምሌ 17
የመኝታ ክፍሉ የፍሳሽ ቀዳዳ የለውም፤ ዝንብ ግን አለው። እትዬ ውባንች ከዚህ ተነስተው፣ "ሌላ ያላየነው ቤት አላቸው" አሉ።

ጫማቸውን አውልቀው በባዶ እግራቸው ወለሉን ከጥግ እስከ ጥግ ዞሩት። ዓይናቸውን ጨፍነው፣ በእርጋታ። ሻወሩንና መኝታውን የሚለየው ግድግዳ ስር ሲደርሱ ቆሙ።

"እዚህ ጋ ወለሉ ላብ አለው።"

በመጥረጊያው እንጨት አንኳኩ። ሌላው ቦታ ደረቅ ድምፅ ነው የሚሰጥ፤ ያች ሁለት ሴራሚክ ታህል ቦታ ግን ባዶ ዕቃ ይመስል ጎመጎመች። ተንበርክኬ በመዳፌ ነካሁት። እውነትም ይቀዘቅዛል። በየቀኑ በጫማ የረገጥኩት ወለል ነው።

ምስጋና ወለሉን ማፍረስ የማይሆን ነው አለ። ከታደሰ ዓመት አልሞላውም፤ ርክክቡ ላይ የፈረመው እሱ ነው። "በጽዳት ሠራተኛ እግር ተመርቼ ወለል አላስፈርስም" አለኝ።

ከዚህ በፊት ቢሆን ዝም ብዬ እወጣ ነበር። "ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ" አልኩት።

"በጽሑፍ ስጪኝ።"

ሰጠሁት።

ሐምሌ 18
አብዱረሕማን ከመተማ ዮሐንስ መጣ። እዚያም እዚህም፣ ወሰን ወዲያም ጭምር ቧንቧ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው። ሁለቱን ሴራሚክ ብቻ አነሳ። ሽታው ሁላችንንም ወደ ኋላ ገፋን። ከስር አፈሩ ጠቁሮ ጭቃ ሆኗል፤ ሁለቱ ቧንቧዎች የሚገናኙበት አንገት ለቅቆ የሻወሩ ውሃ ስንት ወር ሙሉ ከወለሉ ስር ሲፈስ ኖሯል። ጭቃው በትል ይርመሰመሳል።

አብዱረሕማን ጠቋሚው ማን እንደሆነ ጠየቀ። እትዬ ውባንችን አሳየሁት። ዞሮ አያቸው።

"ሃያ ዓመት ሠራሁ" አለ። "እኔ ብሆን ግማሽ ቤት አፈርስ ነበር። አንቺ ያ ኡክቲ፣ እህቴ፣ በእግርሽ አገኘሽው።"

"እግሬ ሥራ ለምዷል" አሉት።

ጭቃውን ዝቆ አወጣ፣ ቧንቧውን ቀየረ፣ ደረቅ አሸዋና ሲሚንቶ ሞላው። ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም ብሎ ሄደ።

ሐምሌ 20
ላስቲኩ፦ ሁለት። የመኝታው ክፍል፦ የለም።

ሐምሌ 22
ባዶ። አራቱም ላስቲክ ባዶ። ምስጋና ራሱ መጥቶ አየ፤ ግድግዳውን በእጁ ዳሰሰ። ማቆያው አይዘጋም አለ።

ማታ ሦስት እናቶች ተራ በተራ ታጠቡ።

ሐምሌ 24
ሁለት ቀን ዝናብ ስላልጣለ ወንዙ ጎድሎ ነበር። ቢያድግልኝን በስልክ አግኝተን ትራክተሩን ይዞ መጣ። እትዬ ውባንችና እኔ ተሳቢው ላይ ወጣን። ከሄዱት ሁለቱ ቅርብ ስለነበሩ በራሳቸው ተመልሰዋል፤ ባየሽ ብቻ ናት የቀረችው።

ውሃው የትራክተሩን ጎማ እስከ እምብርቱ ድረስ ያዘው። እኔ የተሳቢውን ብረት ጨብጬ ነበር። እትዬ ውባንች ብልቃጡን ጉያቸው ውስጥ ይዘው ወዲያ ማዶ ያያሉ።

ባየሽ እግሯ አብጧል። መደብ ላይ ተቀምጣ ጠበቀችን፤ ጎረቤቶቿም ተሰበሰቡ። እትዬ ውባንች ሁሉን ከመጀመሪያው አስረዷት፤ ብልቃጡን አሳዩአት፣ ክንዳቸውን አሳዩአት፣ ስለ ወለሉ ነገሯት። ባየሽ ሁሉንም ሰማችና እንዲህ አለች፦

"እትዬ፣ እርስዎን አምናለሁ። ግን ካላዛር ነው ያለው የተማረ ሰው ነው ብለውኛል። የተማረ ሰው ዝም ብሎ አይናገርም።"

"ማነው እሱ?" አለ አንድ ጎረቤት።

እትዬ ውባንች ብልቃጡን በእጃቸው እያገላበጡ ያዩታል። ወደ እኔ አልዞሩም።

"እኔ ነኝ" አልኩ።

ከዚያ ተናገርኩት። በረንዳው ጫፍ ላይ ቆሜ ለኃላፊዬ "ይሄ ነገር የካላዛሩ ዝንብ ሳይሆን አይቀርም" ማለቴን። ድምፄን ዝቅ እንዳላደረግሁ። በኋላ እናቶቹ ሲጠይቁኝ አላውቅም ማለቴን። ይህንን በዚህ ደብተር ላይ እንኳ ደፍሬ አልጻፍኩትም ነበር።

ባየሽ ከመደቡ ቀና አለች።

"ታዲያ አሁን አይዶለም የምትይውን በምን ልመን?"

እውነቷን ነው።

"በእሷ ቃል አትመኚ" አሉ እትዬ ውባንች። "በእኔም አትመኚ። መጥተሽ እዪው። ላስቲኩን በራስሽ እጅ አሽጊው፣ በነጋታው በራስሽ እጅ አንሺው። አንድ ብታገኚ እኔ ራሴ መልሼ አመጣሻለሁ።"

ባየሽ ባሏን አየችው። ቢያድግልኝ የታሰረውን ልብሷን አነሳና ወደ ትራክተሩ ሄደ።

ስንመለስ ባየሽ እትዬ ውባንች ትከሻ ላይ ተኝታ ነበር። ቀስ ብዬ ጠየቅኋቸው።

"ያን ዕለት ሰምተውኝ ነበር?"

"ከበሩ ኋላ እየወለወልኩ ነበር።"

"ደብዳቤውን ሳነብልዎትም ያውቁ ነበር ማለት ነው። ለምን አልተናገሩም?"

"ብናገር ጠብ ይሆናል። እኛ ስንጣላ ዝንቡ እዚያው ነው፤ እናቶቹም ይሄዳሉ። መጀመሪያ ምንነቱ መታወቅ ነበረበት። የቀረውን አንቺ ራስሽ እንደምትጨርሽው አስቤ ነበር።"

"ባልጨርሰውስ?"

"ጨረስሽው አይደል እንዴ?"

ሐምሌ 25
ባየሽ ላስቲኩን አነሳች። ገልብጣ አየችው፣ ወደ ብርሃን አንስታ አየችው። ባዶ። ለእትዬ ውባንች ብቻ አንገቷን ነቀነቀች። ለእኔ ገና ነው።

ሐምሌ 29
የባየሽ ምጥ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጀመረ። ስመረምራት ልጁ በመቀመጫው ነው የሚመጣ። የመጀመሪያውም እንዲሁ ሳይሆን አይቀርም። አምቡላንሱ ግቢ ውስጥ ነበር። ገንዳ ውሃ ሆስፒታል እስክንደርስ እጄን ይዛ ነበር፤ አንዴ ብቻ፣ "ሲስተር፣ አትዋሽኝ፤ እንዴት ነው?" አለችኝ። የማውቀውን ሁሉ፣ የማላውቀውንም ነገርኳት።

በቀዶ ሕክምና ወለደች። ሴት። ሁለት ኪሎ ከዘጠኝ መቶ። ቢያድግልኝ ዜናውን ሲሰማ መተላለፊያው ላይ ቁጢጥ ብሎ በሁለት እጁ ፊቱን ሸፈነ። ውጭ ዝናቡ እንደገና ጀምሮ ነበር፤ ሽንፋም ያን ዕለት ሞልቶ አደረ።

ነሐሴ 4
ደብዳቤ ጻፍኩ። ካላዛር የሚለውን ቃል ያለ ማስረጃ የተናገርኩት እኔ መሆኔን፣ የዝንቡ ምክንያት የተበላሸ ቧንቧ እንጂ የጽዳት ጉድለት አለመሆኑን፣ ማስጠንቀቂያው ላይ የፈረምኩት ሳላጣራ መሆኑን። ዝንቡን የለየችውም፣ ምንጩን ያገኘችውም ውባንች ደረበ ናት ብዬ ሙሉ ስማቸውን አስገባሁ። ለጎንደሩ ባለሙያም ደወልኩና ይኸንኑ ነገርኩት።

ምስጋና ሁለት ጊዜ አነበበው። "ራስሽን ነው የምትጎጂው" አለ።

"የተጎዳው ሰው ሌላ ነበር" አልኩት።

ከዚያ የእትዬ ውባንችን ማኅደር አወጣ፤ የማስጠንቀቂያውን ቅጂ ነቅሎ ቀደደው። የእኔን ደብዳቤ በእኔ ማኅደር ውስጥ አስገባው። ስወጣ፣ "ርክክቡ ላይ እኔም ወለሉን አላንኳኳሁትም" ሲል ሰማሁት።

ለእትዬ ውባንች ነገርኳቸው። "ደግ" አሉ። የልብስ ማጠቢያውን ቀዳዳ እየፈተጉ ነበር። በየሳምንቱ ነው እንግዲህ፣ ዝንብ ቢኖርም ባይኖርም።

መስከረም 9
ወረዳው የሁሉንም ጤና ጣቢያ ጽዳት ሠራተኞች እኛ ጋ ሰበሰበ። ከጎረቤት ወረዳ ከገለጉም ሁለት ሴቶች በጭነት መኪና ላይ ተሳፍረው መጡ። ከተጻፈ ወረቀት የሚያነብ አሠልጣኝ አልነበረም። ሻወር ቤቱ ውስጥ ስለማይበቁ በየተራ አራት አራት ሆነው ገቡ። እትዬ ውባንች ባልዲ ገልብጠው ተቀመጡና መጀመሪያ ያሉት ይህ ነው፦ "ከመርጨታችሁ በፊት ተቀምጣችሁ እዩት። ሲያርፍ ክንፉን ምን እንደሚያደርገው እዩ።"

ከዚያ ላስቲኩን፣ ፕላስተሩን፣ ብሩሹን አሳዩ። ከገለጉ የመጣችው ሴት ስለ ወለሉ ስትጠይቃቸው ጫማዋን አስወለቋትና በባዶ እግሯ አራመዷት።

ለእኔ የተሰጠኝ ሥራ ውሃ ማፍላትና ማቀበል ነበር። የመጀመሪያውን ድስት ይዤ ስገባ ጣታቸውን ከእንፋሎቱ በላይ ያዝ አድርገው አዩኝ።

"ይሄ አልፈላም ሲስተር። መልሺው።"

አራቱ ሴቶች እያዩኝ መለስኩት። እሳቱ ላይ ጥጄ፣ እስኪንተከተክ አጠገቡ ቆሜ ጠበቅሁና ይዤላቸው ገባሁ።